ከብቱ ሲመርጥና እኛ ስንመርጥለት፦ ጎጃም ውስጥ ስላየኋቸው መርዛማ ተክሎች

ጎጃም ውስጥ ላም በድንገት ስትሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው እባብ ነው። የእባብ ዱካ ካልታየ ቡዳ ይባላል፤ ቡዳም ካልተባለ በድንበር የተጣላ ጎረቤት ስሙ ይነሣል። ተክል የሚጠረጠረው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ በምዕራብ ጎጃም ደጋም ቆላም ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ቡሬ አካባቢ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አለኝ፣ ሲጠሩኝም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። እባብ የነደፈው ከብት አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል። ይሁን እንጂ እባብ ከተከሰሰባቸው ሞቶች ብዙዎቹ የቅጠል ሥራ ነበሩ።

ስለ መርዛማ ተክሎች የሚነገረው አብዛኛው ነገር ተክሉን የሚወቅስ ነው። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። የአገራችን ከብት ሞኝ አይደለም። እናቱን እየተከተለ ሲግጥ ያደገ ጥጃ አጠፋሪሱን ያልፋል፣ ጉሎውን ያልፋል፣ እምቧዩን በአፍንጫው ነካ አድርጎ ይተወዋል፣ ሣሩን ግን ከመካከላቸው መርጦ ይነጨዋል። እረኛ የነበረ ሁሉ ይህን አይቷል። መርዙ ሆድ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የሰው እጅ ሲታከልበት ነው፤ አጭዶ የሰጠ፣ አጥር ከርክሞ የጣለ፣ አረም ነቅሎ በረት ያስገባ፣ መድኃኒት ነው ብሎ ያጠጣ፣ ወይም አስርቦ ካዋለ በኋላ የለቀቀ ሰው አለ። ስለዚህ የተክል ስም ብቻ ብደረድርላችሁ ብዙም አልጠቀምኳችሁም። መርዙ በየት በኩል እንደሚገባ ላሳያችሁ።

ከማሽላ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ጊዜ የማይሰጥ እሱ ነው። ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ማሽላ የሚዘራባቸው ቀበሌዎች አሉ። እህሉ ታጭዶ ከገባ በኋላ ጥር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ከጣለ፣ ቀሪው አገዳ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። አገሩ ሁሉ ደርቆ ያ ማሳ ብቻ ለምለም ይሆናል። አንድ ገበሬ ከሩቅ ገበያ ያመጣቸውን ሁለት በሬዎች፣ መንገድ ላይ ሲራቡ ውለው፣ በቀጥታ እዚያ ማሳ ውስጥ ለቀቃቸው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ አንደኛው በሬ ወድቆ እየተንፈራገጠ ነበር። እኔ ስደርስ እሱ ሞቷል፤ ሁለተኛው አፉን ከፍቶ እያለከለከ፣ ለሐጩ እየተዝረበረበ፣ የኋላ እግሮቹ እየከዱት ቆሟል። የታችኛውን የዐይን ሽፋኑን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ሥጋው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ያ ቅላት ነው ምልክቱ። ለጋ ማሽላ ውስጥ ዱሪን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሳይነካ እንደቆመ ምንም አያደርግም፤ ሲታኘክና ሲደቅ ግን ሳያናይድ ይለቅቃል። ሳያናይድ ሕዋሶች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ደሙ ኦክስጅን ሞልቶበት ይዞራል፣ የሚወስደው የለም፤ ስለዚህ ደሙ እንደ ቀላ ከብቱ ታፍኖ ይሞታል። የሚያመሰኩ እንስሳት ከፈረስና ከአህያ ይልቅ ይጎዳሉ፣ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት መርዙን ፈጥነው ስለሚያላቅቁት ነው። መድኃኒቱ ሶዲየም ናይትራይትና ሶዲየም ታዮሰልፌት በደም ሥር መስጠት ነው፤ የሚሰጠውም ባለሙያ ብቻ ነው። የገጠር ክሊኒክ ሁሉ ይህን በእጁ አይዝም፤ ማሽላ በሚዘራበት አገር ያለ ባለሙያ ግን ወሩ ሳይገባ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው በሬ ተርፏል፣ ብዙ ስላልበላም ጭምር ነው።

ማሽላ መኖ መሆኑን ማንም አይክድም። የሚያስፈራው ለጋው፣ ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠው፣ በድርቅ የጫጨው፣ ውርጭ የመታው ወይም ጠውልጎ ያልደረቀው ነው። ቁመቱ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ ከብት አታስገቡበት። በደንብ ታጭዶ በፀሐይ የደረቀ ድርቆሽ መርዙ አብዛኛው ስለሚተን ይሰጣል። ለብቻው ያቆጠቆጠ ማሳ ካላችሁና ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ፣ ከብቶቹን መጀመሪያ በገለባ አጥግቡና ለጥቂት ጊዜ ብቻ አስገቡ፤ ዐይናችሁን ግን አታንሡባቸው።

በቆሎም የራሱ ጣጣ አለው፣ ጣጣው ግን ሌላ ነው። ዩሪያ በብዛት የተጨመረበት በቆሎ ዝናብ ሲቆረጥበት አገዳው ውስጥ ናይትሬት ያጠራቅማል፤ ከሥሩ ተጠግቶ ያለው የአገዳ ክፍል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በየማሳው ዳር የሚበቅለው አሉማም እንዲሁ ናይትሬት ይሰበስባል። ከብቱ እንደ ማሽላው ሁሉ ያለከልካል፣ ይንገዳገዳል፤ ደሙ ግን አይቀላም፣ እንደ ቡና አተላ ይጠቁራል። መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ ሜቲሊን ብሉ ይባላል። ስትደውሉልኝ «የዐይኑ ሥጋ ቀይ ነው ወይስ ቡናማ?» ብዬ የምጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ሆኖ ይህን የሚመልስልኝ ሰው ግማሹን ሥራ ሠራልኝ።

አሁን ወደ አረም እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት ቱፎርዲ ይረጫል። ገበሬው አረሙ ሲጠወልግ አይቶ «ከሚባክን ለጥጃ ይሁን» ይልና ነቅሎ ያመጣል። የኬሚካሉ ቅሪት አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ በዚህ ኬሚካል የተመታ አረም ናይትሬቱ ሊጨምር ይችላል፣ ጣዕሙም ለከብት ይጥማል። ትናንት ከብቱ አሽትቶ የተወው ቅጠል ዛሬ ይጣፍጠዋል። ተፈጥሮ የሰጠችውን ማስጠንቀቂያ እኛ በርጭት ሰረዝነው ማለት ነው። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከርጭት በኋላ ከብት የማይገባበት ቀን ተጽፏል፤ ማንበብ የሚችል የአራተኛ ክፍል ልጅ የሌለው ቤት ደግሞ ዛሬ ጥቂት ነው።

አጠፋሪስ፣ አንዳንዱ አስተናግር የሚለው፣ በረት አካባቢና ቆሻሻ በሚደፋበት ቦታ ይወዳል። ነጭ መለከት የመሰለ አበባውንና እሾኻም ፍሬውን የማያውቅ የለም። ሽታው ስለሚከብድ ቆሞ ሳለ ከብት አይነካውም። ነገር ግን በቆሎ ውስጥ በቅሎ አብሮ ሲታጨድና ሲከተፍ ከብቱ መለየት አይችልም። የበላ ከብት የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሆዱ ሥራ ያቆማል፣ አንዳንዱም ግድግዳ ይገጫል። ለመኖ የምታጭዱትን በቆሎ ከማጨዳችሁ በፊት በመስመሩ መካከል አንድ ጊዜ ተመላለሱና አጠፋሪሱን ነቅላችሁ አርቁት። ዘሩ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ደርቆም ኃይሉ አይቀንስም።

ባሕር ዳር ዙሪያ በቤት የታሰሩ የተዳቀሉ ላሞች በዝተዋል። እነዚህን ከግጦሽ ከብት ለይቼ እፈራላቸዋለሁ። በጥጃነታቸው እናት አልተከተሉም፣ መስክ አያውቁም፣ ከፊታቸው የመጣ ሁሉ መኖ ይመስላቸዋል። አንዲት እናት ሁለት ላም ነበራቸው፤ አንደኛዋ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር። አንድ ቀን ደውለው «ልጄ፣ ላሜን ፀሐይ ፈጃት፣ ቆዳዋ ተላጠ» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ነጩ ቆዳዋ ብቻ ነው የተላጠው። ጥቁሩ እንደ ነበረ ነው። ዐይኗ ቢጫ ሆኗል፣ እበቷ ደርቋል፣ መብላት ትታለች። ሰው «የፈላ ውኃ ደፉባት» ብሎ ጎረቤት ሊያስከስሳቸው ነበር። የፈላ ውኃ ነጭና ጥቁር አይለይም።

አጥር አጥሩን ስዞር ነገሩ ወጣ። ከአጠገባቸው ያለ አንድ ግቢ የወፍ ቆሎ አጥር አለው፤ ያ ቀይና ቢጫ አበባው ተደባልቆ የሚያምረው፣ ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ የሚያፈራው። ዘበኛው አጥሩን ከርክሞ ቅርንጫፉን በደግነት ለላሟ አሻግሮ ጥሏል። ላንታዲን የተባለው መርዙ ጉበት ይጎዳል። ጉበት የታመመ ከብት ከለምለም ቅጠል የሚመጣውን አንድ ቅሪት በሐሞቱ በኩል ማስወጣት ያቅተዋል፤ ያ ቅሪት በደም ወደ ቆዳ ሄዶ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን ይከላከላል፣ ነጩ አይችልም። ይህ በሽታ ከአንዲት ላም ጀርባ ላይ በግልጽ የሚነበብ ነው፤ የትም ብታዩት በመጀመሪያ ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ምን እንደበላች ጠይቁ። ሌላው ክፋቱ ጨጓራው መሥራት ስለሚያቆም የተበላው ቅጠል እዚያው ተኝቶ ለቀናት መርዙን መልቀቁ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ቆዳ ላይ ቅባት መቀባት ብቻ አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚይዝ የከሰል ዱቄት መድኃኒት መስጠት፣ ሆዷን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትና ፈሳሽ መተካት ይጠይቃል። ያቺ ላም ወተቷ ከቀድሞው ባይደርስም ድናለች። ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ሲከረክም ያቃጥለዋል።

አጥርን ካነሣሁ አይቀር፣ ቅንጭብና ቁልቋልም ወተታቸው ዐይን ያሳውራል፣ የሰውም የከብትም። ቅንጭብ ስትቆርጡ ጥጃ አጠገባችሁ አይኑር። ከቆላው ደን ደግሞ ምረንዝ አለ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ዛፍ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚመርዙት በዚህ ዛፍ ጭማቂ ነበር፣ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው። ልጆች የበሰለውን ፍሬ ይበላሉና «ምንም አያደርግም» ይላሉ። ቅጠሉና ቅርፊቱ እንደዚያ አይደለም። በበጋ አገሩ ሲደርቅ ለፍየል ለምለም ቅርንጫፍ የሚቆርጥ እረኛ ይህን ዛፍ ለይቶ ማወቅ አለበት።

አጥር ሲከረከም የሚደርሰው ጉዳት አንድ የጋራ ምክንያት አለው። ብዙ ቅጠል ሲጠወልግ ሽታውና ምሬቱ ይቀንሳል፣ መርዙ ግን አይቀንስም፤ የአንዳንዱ እንዲያውም ይብሳል። ቆሞ ሳለ ያልነኩትን ተቆርጦ ሲወድቅ ይበሉታል። የከረከማችሁትን በዕለቱ አንሡ። ነገ እናነሣለን የሚባለው ሌሊት ላይ ነው የሚበላው።

መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው መርዝ ለመናገር የሚከብድ ርዕስ ነው፤ የአባቶች እውቀት አለበትና። ብዙው ጥሩ ነው፤ ዝግጣ ቀቅሎ ቅማል የበዛበትን ከብት ማጠብ እኔም አይቼ አድንቄዋለሁ። ችግሩ መጠን ላይ ነው። በበጋ ኩሬው ሲጎድል ከብቶች ውኃ ሲጠጡ አልቅት አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ውስጥ ይገባል። አልቅቱን ለማስለቀቅ የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ በአፍንጫ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው። ይሠራል፣ አልቅቱ ይለቅቃል። ነገር ግን ለወይፈን የሚበቃው ውኃ ለሦስት ወር ጥጃ ብዙ ነው። ኒኮቲን በአፍንጫ ሥጋ በኩል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ጥጃው ይንቀጠቀጣል፣ ለሐጩ ይወርዳል፣ ይወድቃል፣ ትንፋሹ ይቆማል። የተመረዘ ጥጃ በዚህ መንገድ ሲሞት ባለቤቱ «አልቅቱ ገደለው» ይላል።

ትምባሆ ሳይነካ የሚሠራ ዘዴ አንዲት አሮጊት ዳንግላ አካባቢ አሳይተውኛል። ጥጃውን ከውኃ ከልክለው አዋሉትና ማታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በሰፊ ዕቃ አቀረቡለት። አልቅቱ ውኃውን ሽቶ ራሱን ከአፍንጫው ብቅ ሲያደርግ ጣታቸውን በሸካራ ጨርቅ ጠቅልለው ያዙት፣ ሳይጎትቱ ትንሽ ቆዩ፣ ወጣ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ጥጃ ግን አይገድልም።

ጎጃም የግብጦ አገር ነው። ቆልተን፣ ቀናት ውኃ እየቀየርን ዘፍዝፈን፣ ልጠን እንበላዋለን፤ ለአረቄም እንጠቀምበታለን። እናቶቻችን ይህን ሁሉ የሚደክሙት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ መራራው ነገር አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው። ለበግ ማድለቢያ ግብጦ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነውና፤ የዋሸራ በግ በዚህ ጥሩ ይወፍራል። ታዲያ ለሰው የማንሰጠውን ጥሬ ግብጦ ለበግ በገፍ መስጠት አይገባም። መጀመሪያ ቆልታችሁ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በጥቂቱ አስለምዱት። የተዘፈዘፈበትንም የመጀመሪያ ውኃ ከብት ከሚደርስበት ቦታ አርቃችሁ ድፉት፤ መራራው ሁሉ የሄደው እዚያ ነው። ጓያ ደግሞ ሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ፈረስንም ያሽመደምዳል። አዊ ውስጥ ፈረስ የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ጓያ ለፈረስ ቀለብ አይሆንም። አረንጓዴ የሆነና ያጎነቆለ ድንች፣ ልጣጩም ጭምር፣ ለአሳማም ለላምም በብዛት አይሰጥ። ጉሎ ለምጣድ ማሰሻ ብላችሁ ቤት ውስጥ ካስቀመጣችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይሁን። የጉሎ መርዝ ክፉነቱ መዘግየቱ ነው፤ ዛሬ በልቶ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ማንም ፍሬውን አያስታውስም። ፈረስ ከሁሉም በላይ አይችለውም።

መርዝ ያልሆነ ግን ከመርዝ ሁሉ በላይ ሲያስሮጠኝ የኖረው ማገጥ የሚባለው የመስክ ተክል ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የደጋው መስክ ሲያምር ከሣሩ ጋር ማገጥ ይበዛል። ማለዳ ጤዛ ሳይነሣ የተራበ ከብት እዚያ ሲገባ ጨጓራው ውስጥ አረፋ ይሞላል፤ አየሩ በአረፋው ውስጥ ስለሚታሰር ከብቱ ሊያገሳው አይችልም። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሰው ይህን «ምች» ይለዋል፣ «ዐይን» ይለዋል፣ ከዚያም ቢላዋ ያመጣል። ቢላዋ እለምናችኋለሁ አስቀድማችሁ አታንሡ። አረፋ በጠባብ ቀዳዳ አይወጣም፤ አንዳንዱ ደግሞ ደንግጦ በቀኝ ጎን ይወጋል፣ ጨጓራው ያለው በግራ ሲሆን።

መጀመሪያ ዘይት ነው። ለትልቅ ከብት ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት፣ ኑግም ቢሆን፣ በጠርሙስ በዝግታ በአፉ ጎን አጠጡት፤ ለበግና ለፍየል አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ ይበቃል። ዘይቱ አረፋውን ይሰብረዋል። ከዚያ ንጹሕ እንጨት እንደ ልጓም በአፉ አግድማችሁ እሰሩና ፊቱ ወደ ዳገት ሆኖ ቀስ እያለ ይራመድ፤ እያላመጠ ምራቁ ሲወርድ ይጠቅመዋል። ይህ እየተደረገ ሰው ወደ ባለሙያ ይሩጥ። መከላከያው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀልላል፦ መስከረም ጠዋት ከመስክ በፊት የጤፍ ጭድ ብሉ በሏቸው፣ ጤዛው ሲነሣ ልቀቋቸው። «አያ፣ በመስከረም ማን ጭድ ያበላል?» ይሉኛል ወጣቶቹ። ያላበላው ነው ከምሳ በፊት የሚደውልልኝ። እግረ መንገዴን፣ ጎተራ ወይም አውድማ ሰብሮ ገብቶ እህል የበላ ከብትም ሆዱ ይነፋል፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ዘይት አያድነውም፣ ውኃ ከልክላችሁ ፈጥናችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ዓሣም እንስሳ ነውና ስለ ብርብራም ልናገር። ብርብራ የአገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፣ ጥላው ቡና ያሳድጋል፣ አበባው ንብ ይጠራል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጣል ግን ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ውስጡ ያለው ሮቴኖን ነው። ለሚያጠምደው ሰው ቀላል ሥራ ነው። ክረምት ላይ ጣና ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ብርብራ የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ለራት የሚፈለገው አሥር ዓሣ ሲሆን የሚሞተው የወንዙ ፍጥረት በሙሉ ነው፣ ጫጩቱም እንቁላሉም። እንዶድም ከዚህ አይርቅም። በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት የወንዝ ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር የጀመሩት ከዚህ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም ይገድላል። ጋቢ ስታጥቡ አረፋውን ወንዝ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ድፉት።

አሁን ከብታችሁ ተመርዟል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ምን እንደምታደርጉ። ከቦታው አውጡት፣ የቀሩትንም ጭምር፤ የታመመው አንዱ ሆኖ አሥሩ ሲግጡ የሚቆዩበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ላይ አታቁሙት፣ አታሯሩጡት፤ ማሽላ የበላ ከብት ሲሯሯጥ ነው የሚወድቀው። ወተት፣ እንቁላል፣ ጌሾ፣ አረቄ እየተባለ አፉ ላይ የሚደፋው ነገር ለብዙው መርዝ ምንም አይፈይድም፤ መዋጥ ያቃተው ከብት ሲሆን ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባና ከመርዙ ቀድሞ ይገድለዋል። መዋጥ እየቻለ ከሆነም ራሱን ወደ ላይ አታቁሙት፣ ምላሱን አትሳቡት።

ባለሙያው ሲመጣ አንድ ነገር ይዛችሁ ጠብቁት፦ የተጠረጠረውን ተክል ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ነቅላችሁ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ። ቅጠል ብቻ አይበቃኝም። ከዚያ መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደታመመ፣ ትናንት መኖ የተቀየረ ወይም መድኃኒት የተረጨ እንደሆነ ንገሩት። ከተከለከለ ቦታ ገብቶ እንደበላም አትደብቁ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብቶ ነው የበላው ቢሉኝ የምጽፈው መድኃኒት እንጂ ክስ አይደለም። ሰው ይህን በመፍራት ሲሸሽግ ብዙ ከብት ጠፍቷል።

ከብቱ ከሞተ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ከተክልም ሁሉ ይበልጣል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ፣ ሬሳው የማይደርቅ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሆዱን ከፍታችሁ ምን እንደበላ ለማየት አትሞክሩ፤ አባ ሰንጋ ቢላዋ ከነካ በኋላ የሚይዘው ሰውን ነው፣ አፈሩም ለዓመታት ይመረዛል። እኛም ብንሆን አባ ሰንጋን ሳናስወግድ አንከፍትም። እንደዚያ ሳይሆን ቀርቶ መርዝ መሆኑ ሲታወቅ ባለሙያው ፈርሱን ከፍቶ ያያል፤ ያልተፈጨ ፍሬ ወይም ቅጠል የሚገኘው እዚያ ነው።

ስለ ሥጋው ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። «ሳይሞት አርደነዋል፣ ቅርጫ እናድርገው?» ይላሉ። የሚጣጣር ከብት ቢላዋ ስላረፈበት ጤነኛ አይሆንም። የምን መርዝ እንደሆነ ሳይታወቅ ሥጋውን አትከፋፈሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ከብት የማይቆፍረውና ውኃ የማይደርስበት ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ላዩን በድንጋይና በእሾኽ ዝጉት። የታመሙት ላሞች ካሉም ወተታቸውን ባለሙያ እስኪፈቅድ ድረስ ለጥጃም ለልጅም አትስጡ።